የማይበርድ ማዕበል፦ ዝንጀሮዎቹ፣ የባሕር አረሙና አምስቱ ደቂቃዎች

የሚጥል በሽታ ሲነሳበት ሰው ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ገላውን ነው። ሲወድቅ፣ ሲደርቅ፣ ሲንዘፈዘፍ፣ አረፋ ሲደፍቅ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያበቃል። ሰውየው በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ያንቀላፋል፣ ሲነቃ የሆነውን አያውቅም። የተለመደው ይህ ነው። ያልተለመደው ደግሞ አለ፤ የማያቆመው። አስር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት የሚቆየው፤ አንዱ ሳይበርድ ሌላው የሚተካው። ሐኪሞች "ስታተስ ኤፒሌፕቲከስ" ይሉታል።

ከዚህ የተረፈ ሰው አንዳንዴ ያው ሰው ሆኖ አይነሳም። ትናንት የሰማውን ዛሬ ይረሳል። ከዚያ በፊት ጥሎት የማያውቅ ከነበረ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በሽታው ጠንቶበት ይመለሳል። ለምን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። መልሱ የመጣውም ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው፦ ለንደን ውስጥ ከሞቱ ዝንጀሮዎች፣ ለወስፋት መድኃኒትነት ከሚያገለግል የጃፓን የባሕር አረም፣ እና ካናዳ ውስጥ ከአንድ ደሴት የመጣ ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ ከበሉ ሰዎች። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

*

ነገሩ የተጀመረው በአስከሬን ምርመራ ነው። በ1825 ፓሪስ ውስጥ ቡሼ እና ካዞቪዬ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በሚጥል በሽታ ሲሰቃዩ የኖሩ ሰዎችን አንጎል ከፍተው ሲያዩ በአንዳንዶቹ ላይ አንድ ቦታ ጠጥሮ አገኙት። ቦታው ሂፖካምፐስ ይባላል። ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራም በቀኝም የሚገኝ ጥምዝ ነገር ነው። ስሙ የግሪክኛ ነው፤ ቅርጹ የባሕር ፈረስ ከምትባለዋ ትንሽ ዓሣ ጋር ስለሚመሳሰል የተሰጠው ነው።

ይህ ቦታ ምን እንደሚሠራ ዓለም በደንብ የተረዳው ብዙ ቆይቶ፣ በአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በ1953 የሚጥል በሽታው እንዲቆምለት ተብሎ የሁለቱም ወገን ሂፖካምፐሱ አብዛኛው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። በሽታው ቀነሰለት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 2008 ድረስ አዲስ ነገር አእምሮው ውስጥ አልቀመጥ አለው። በየቀኑ የሚያገኛቸውን ሐኪሞች በየቀኑ እንደ አዲስ ይተዋወቃቸው ነበር። እንግዲህ የማይበርደው መንዘፍዘፍ ደጋግሞ የሚመታው ይህንኑ ቦታ ነው።

በ1880 ጀርመናዊው ቪልሄልም ዞመር ወደ 90 የሚደርሱ የሕመምተኞች መዝገቦችን ሰብስቦ ሂፖካምፐስ ውስጥ የነርቭ ሴሎች የሚያልቁበትን ክፍል ለይቶ አሳየ። ያ ክፍል እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ዞመር የደረሰበት ድምዳሜ፣ የበሽታው ምክንያት ይህ ጉዳት ነው የሚል ነበር። በዚያው በ1880 ፍሌገር የተባለ ሌላ ሐኪም በተከታታይ መንዘፍዘፍ ውስጥ እያሉ የሞቱ ሰዎችን አንጎል አይቶ ተቃራኒውን ተናገረ፦ ጉዳቱ የበሽታው ውጤት ነው፣ መንዘፍዘፉ ነው ሴሉን የገደለው።

ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ የሚለው ክርክር ማለት ይህ ነው። አስከሬን ደግሞ ለዚህ ዓይነት ክርክር ዳኛ መሆን አይችልም። የሞተ አንጎል የተጎዳውን ቦታ ያሳያል እንጂ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይናገርም።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የገነነው ሐሳብ የደም ዝውውር ሐሳብ ነበር። በ1920ዎቹ የሙኒኩ ቫልተር ሽፒልማየር መንዘፍዘፍ ሲመጣ የአንጎል ደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ ሴሎቹም ደም አጥተው ይሞታሉ አለ። ሐሳቡ ለሚሰማው ሁሉ የሚዋጥ ነው። ሰውየው ፊቱ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ ተቋርጧል፣ ምላሱን ነክሷል፤ እንዲህ ታፍኖ አንጎሉ ባይጎዳ ነበር የሚገርመው። ከዚህ የተነሳ ሐኪሙ ዋና ሥራው ትንፋሹን መጠበቅ፣ ኦክስጅን መስጠት ነው ብሎ ቢያስብ የሚፈረድበት አልነበረም። ኦክስጅን ካገኘ፣ ልቡ ከመታ፣ ቀሪው ይደርሳል ማለት ነው።

ይደርሳል ወይ? የክርክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሴሉን የሚገድለው መታፈኑ ከሆነ፣ የአየር ቧንቧ ገብቶለት የተኛ ሕመምተኛ ከአደጋ ወጥቷል። የሚገድለው አንጎል ውስጥ ያለው ማዕበል ራሱ ከሆነ ግን፣ ገላው ጸጥ ብሎ አልጋ ላይ በተኛበት ሰዓት ሁሉ አንጎሉ እየነደደ ነው።

*

ይህንን የለየው በለንደን የሥነ አእምሮ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ብራያን ሜልድረም ነው። አብሮት የሠራው ጄምስ ብሪርሊ የኦክስጅን እጥረት አንጎልን እንዴት እንደሚያበላሽ አጥብቆ ያጠና የአንጎል ሕብረ ሕዋስ መርማሪ ነበር። እንስሶቹ ዝንጀሮዎች ናቸው።

በ1973 ያሳተሙት ሥራ በሁለት እርምጃ የሄደ ነው። በመጀመሪያው ለወጣት ዝንጀሮዎች ባይኩኩሊን የሚባል ንጥረ ነገር በደም ሥር ሰጧቸው። ባይኩኩሊን በአንጎል ውስጥ "ቀስ በሉ" የሚለውን መልእክት የሚያፍን ነገር ነው፤ ፍሬን እንደመቁረጥ ያለ። መንዘፍዘፉ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንስቶ አምስት ሰዓት እስኪጠጋ ድረስ ቆየ። ተመራማሪዎቹ የደም ግፊቱን፣ የሰውነት ሙቀቱን፣ የደም ስኳሩን፣ የደም አሲድነቱን እየለኩ ተከታተሉ። የታየው ነገር ሁለት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ገላው ይታገላል፦ ግፊት ይወጣል፣ ስኳር ይጨምራል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሞላ ትግሉ ይሸነፋል፦ ግፊት ይወርዳል፣ ስኳር ይቀንሳል፣ ትኩሳት ይወጣል። በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር በሂፖካምፐስ፣ በአንጎል ቅርፊትና በትንሹ አንጎል ሴሎች ሞተው ተገኙ።

እስከዚህ የሽፒልማየር ደጋፊ "ይኸው፣ የገላው ችግር ነው" ሊል ይችላል። ሁለተኛው እርምጃ ግን አፍ የሚያስይዝ ነበር። ዝንጀሮዎቹ ጡንቻ በሚያዝል መድኃኒት ሙሉ በሙሉ እንዳይንቀሳቀሱ ተደረጉ፤ በማሽን እንዲተነፍሱ ሆነ። አሁን መንፈራገጥ የለም፣ መታፈን የለም፣ የደም ኦክስጅኑ ደህና ነው። የሚያያቸው ሰው የተኙ ነው የሚመስለው። ማዕበሉ የሚታየው ከራስ ቅላቸው ጋር የተገናኘው መሣሪያ ወረቀት ላይ በሚጽፈው መስመር ብቻ ነበር።

ውጤቱ፦ ትንሹ አንጎል ባብዛኛው ተረፈ። እዚያ የነበረው ጉዳት በእርግጥ የትኩሳቱና የግፊቱ ነበር ማለት ነው። ሂፖካምፐስና የአንጎል ቅርፊት ግን አሁንም ተጎዱ፤ ጉዳቱ ቀነስ አለ እንጂ አልጠፋም። ኦክስጅን እያገኘ፣ ደም እየደረሰው፣ ሴሉ ሞተ። ፍሌገር ጉዳቱ የመንዘፍዘፉ ውጤት ነው ሲል እውነቱን ነበር፤ በምክንያቱ ግን እሱም ያሰበው የደም ዝውውርና የገላ መቃወስን ነበርና ግማሹን ነው ያገኘው።

እዚህ ላይ ስለ እንስሶቹ ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። እነዚህ ወጣት ዝንጀሮዎች ናቸው፤ የተገደሉትም ሆን ተብሎ ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ይህ ሙከራ በቀላሉ የሚፈቀድ አይመስልም። በሌላ በኩል በዚያ ዘመን በየሆስፒታሉ ጡንቻ በሚያዝል መድኃኒት "ጸጥ" ተደርገው፣ መንዘፍዘፋቸው ቆመ ተብሎ፣ አንጎላቸው ግን እየነደደ የቀሩ ሕመምተኞች ነበሩ። ያንን ስህተት ስህተት ነው ብሎ የተናገረው ይህ ሙከራ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

*

ቀጣዩ ጥያቄ "እንዴት?" የሚል ነው። ማዕበል ሴልን እንዴት ይገድላል?

መልሱ ከሌላ መንገድ መጣ። በ1957 ሉካስ እና ኒውሃውስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለአይጥ ግልገሎች ግሉታሜት ሲሰጡ የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ውስጠኛው ክፍል ሲጠፋ አዩ። በ1969 አሜሪካዊው ጆን ኦልኒ ግሉታሜት የአይጥ ግልገሎችን አንጎል ጭምር እንደሚጎዳ አሳየ። ግሉታሜት መርዝ ተብሎ የሚፈራ ነገር አልነበረም። ምግብ ማጣፈጫ ነው፤ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በሕፃናት ምግብ ጭምር ይጨመር ነበር። በኦልኒ ጩኸት የተነሳ አምራቾቹ ከሕፃናት ምግብ አወጡት። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ ግሉታሜት አንጎላችን ራሱ የሚያመርተው፣ አንዱ ሴል ሌላውን "ተነስ" ለማለት የሚጠቀምበት ዋናው መልእክተኛ ነው። ኦልኒ ያለው ይህንን ነው፦ ሴል ከልክ በላይ ከተቀሰቀሰ፣ በቅስቀሳው ብዛት ይሞታል።

ኦልኒን ተከትሎ ከግሉታሜት ጋር የሚመሳሰሉ፣ ከእሱ ይበልጥ የበረቱ ነገሮች ፍለጋ ተጀመረ። ከሁሉ የበረታ ሆኖ የተገኘው አንዱ ካይኒክ አሲድ ነው። ታሪኩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይሆንም። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ ወስፋት ለማስወጣት የሚጠጡት ቀይ የባሕር አረም አላቸው፤ የእኛ ሰው ለኮሶ ትል የኮሶ አበባ እንደሚጠጣው ማለት ነው። በ1953 የጃፓን ኬሚስቶች ትሉን የሚያስወጣውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ትሉን የሚያደነዝዘው ነገር አንጎል ውስጥ በቀጥታ ሲገባ የነርቭ ሴልን እስከ ሞት ይቀሰቅሳል ብሎ ያሰበ ያን ጊዜ አልነበረም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ይሕዝቄል ቤን-አሪ ትንሽ ካይኒክ አሲድ በአይጥ አንጎል ውስጥ አሚግዳላ በሚባለው ቦታ ጨመረ። አይጧ ተንዘፈዘፈች። ሴሎቹ የሞቱት ግን መርዙ በገባበት ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ራቅ ብሎ ባለው ሂፖካምፐስም አለቁ። ምናልባት መርዙ ፈስሶ ይሆን? ቤን-አሪና ባልደረቦቹ (ሜልድረምም ከነሱ አንዱ ነበር) ዲያዜፓም ሰጥተው ማዕበሉን ሲያበርዱት የሩቁ ጉዳት ቀነሰ። እንግዲህ ያንን ቦታ የጎዳው የመርዙ ጠብታ ሳይሆን ማዕበሉ ነበር።

ለሚጠራጠር የመጨረሻውን ማስረጃ ያመጣው አሜሪካዊው ሮበርት ስሎቪተር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ምንም መርዝ ሳይጠቀም፣ ማደንዘዣ በተሰጣት አይጥ ላይ ወደ ሂፖካምፐስ የሚገባውን የነርቭ መስመር ብቻ በኤሌክትሪክ ለሰዓታት ነካካ። ያው ጉዳት፣ በዚያው ቦታ፣ በተነካካው ወገን ታየ። ኬሚካል የለም፣ መታፈን የለም፣ መንፈራገጥም የለም። የራሷ አንጎል የራሷን ግሉታሜት አፍስሶ ራሱን ገደለ።

የሴሉ አሟሟት በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ግሉታሜት በሴሉ በር ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይከፍታል። በሩ ሲከፈት ካልሲየም ይገባል። በትክክለኛው መጠን ካልሲየም ለሴሉ መልእክት ነው። በሩ ሳይዘጋ ሲቀር ግን ጎርፍ ይሆናል፤ የሴሉ የኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ይታመማል፣ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ከልካይ ያጣሉ፣ ሴሉ ከውስጥ ይፈርሳል። ሴሉ ተሰባብሮ ይሞታል ወይስ ራሱን በሥርዓት አጥፍቶ ይሞታል በሚለው ላይ የዘርፉ ሰዎች ለዓመታት ተከራክረዋል፤ ሁለቱንም የሚደግፍ ማስረጃ አለ።

በ1983 ደግሞ ፒሎካርፒን መጣ። ከደቡብ አሜሪካ ቁጥቋጦ የሚገኝ፣ የዓይን ግፊት ላለበት ሰው በጠብታ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በብዛት ለአይጥ ሲሰጥ ረጅም መንዘፍዘፍ ያመጣል። ከጀርመንና ከፖላንድ እስከ ብራዚል የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ከነሱም ብራዚላዊው ኤስፐር ካቫልየሮ፣ ይህንን ሲከታተሉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አዩ። ከማዕበሉ የተረፈችው አይጥ ለቀናት፣ ለሳምንታት ጤነኛ መስላ ትኖራለች። ትበላለች፣ ትሮጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳይነካት ይጥላታል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኳን ይጥላታል። በ1880 የተለያዩት ሁለቱ ሐኪሞች ሁለቱም ትክክል ነበሩ ማለት ነው፤ መንዘፍዘፉ ጠባሳውን ይወልዳል፣ ጠባሳውም በሽታውን።

*

እነዚህ ሁሉ አይጦች ናቸው፣ ዝንጀሮዎችም ናቸው። ለሰው ይሠራል ወይ? ሰውን መርዝ ሰጥቶ መፈተን አይቻልም። አደጋ ግን ፈተነው።

በኅዳር 1987 ካናዳ ውስጥ የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ የበሉ ከመቶ በላይ ሰዎች ታመሙ። አስታወካቸው፣ ራሳቸውን አመማቸው፤ አንዳንዶቹ ግራ ተጋቡ፣ የባሰባቸው ተንዘፈዘፉ፣ የሞቱም ነበሩ። ከተረፉት ውስጥ አዲስ ነገር ማስታወስ ያቃታቸው ነበሩ። መርዙ ሲፈለግ ዶሞይክ አሲድ ሆኖ ተገኘ፤ የካይኒክ አሲድ የቅርብ ዘመድ። እሱም በመጀመሪያ የተለየው ከሌላ የጃፓን የባሕር አረም፣ ለወስፋት ከሚጠጣ ነው። ዛጎሎቹ ያገኙት ግን ባሕር ላይ ከተባዙ በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ሕያዋን ነው። የሞቱት ሰዎች አንጎል ሲመረመር ሂፖካምፐሳቸውና አሚግዳላቸው ሴሎቻቸውን አጥተው ነበር፤ ልክ እንደ ቤን-አሪ አይጦች።

ከተረፉት አንዱ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነበር። ቀናት ከዘለቀ መንዘፍዘፍ ወጥቶ ዳነ ተባለ። ዓመት ያህል ምንም ሳይሆን ቆየ። ከዚያ የሚጥል በሽታ ጀመረው። ሲሞት ሁለቱም ሂፖካምፐሶቹ ተኮማትረው ተገኙ። የፒሎካርፒን አይጦች ታሪክ፣ ከዝምታው ጊዜ ጋር፣ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተደገመ።

*

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በሜልድረም ሥራ ተጽዕኖ ሐኪሞች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ድንበር 30 ደቂቃ ነበር፤ መንዘፍዘፉ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አደጋ ነው ይባል ነበር። ችግሩ ግን ድንበሩን ጉዳቱ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ መትከሉ ነው። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የሚደርስ የእሳት አደጋ መኪና ምን ያደርጋል?

ከአይጥ የመጣ ሌላ ግኝት ነገሩን ይበልጥ አጣዳፊ አደረገው። ጃይዲፕ ካፑር እና ሮበርት ማክዶናልድ በ1997 እንዳሳዩት፣ መንዘፍዘፉ ወደ 45 ደቂቃ ሲደርስ ማዕበሉን ለማብረድ የሚያስፈልገው የዲያዜፓም መጠን መጀመሪያ ላይ ከሚበቃው በአስር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለምን? መድኃኒቱ የሚይዘው በሴሉ ገጽ ላይ ያለውን "ቀስ በል" የሚለውን መልእክት ተቀባይ ነው። የክላውድ ዋስተርላይን ቡድን በ2005 ምክንያቱን አሳየ፦ ማዕበሉ ሲረዝም ሴሉ እነዚያን ተቀባዮች ከገጹ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ የግሉታሜት ተቀባዮች ደግሞ በተቃራኒው ወደ ገጹ ይወጣሉ። ፍሬኑ ይነቀላል፣ ነዳጁ ይጨመራል። መድኃኒቱ አልደከመም፤ የሚይዘው እጀታ ነው የጠፋው።

በ1999 ዳንኤል ሎውንስታይንና ባልደረቦቹ 30ው ወደ 5 ይውረድ አሉ። ክርክር ተነሳ፤ ሐሳቡ ግን አሸነፈ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ተራ መንዘፍዘፍ በሁለት ደቂቃ ገደማ ካበቃ፣ አምስት ደቂቃ የዘለቀው በራሱ የማቆም ተስፋው እየራቀ ነው።

አምስት ደቂቃ ውስጥ መድኃኒት ለመስጠት ደግሞ የሚንፈራገጥ ሰው ክንድ ላይ የደም ሥር መፈለግ አይሆንም። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ጦር ሜዳ ይወስደናል። የነርቭ ጋዝ ሰውን የሚገድለው በማፈን ብቻ አይደለም፤ ከፒሎካርፒን ጋር በሚመሳሰል መንገድ የማይበርድ መንዘፍዘፍም ያመጣል። ስለዚህ የአሜሪካ ጦር ወታደሩ በልብሱ ላይ ወደ ጡንቻው የሚወጋው የመድኃኒት መርፌ እንዲሠራ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል። ያ ሐሳብ በ2012 በታተመ ትልቅ ጥናት በአምቡላንስ ተፈተነ። በጡንቻ ሚዳዞላም ከተወጉት ከመቶው 73ቱ ሆስፒታል ሲደርሱ መንዘፍዘፋቸው ቆሞ ነበር፤ በደም ሥር ሎራዜፓም ካገኙት 63ቱ። በደም ሥር የሚሰጠው አንዴ ከገባ ፈጥኖ ይሠራል፤ መስመር እስኪገኝ ግን ጊዜው ያልቃል። ለኬሚካል ጦርነት የተዘጋጀ መርፌ እንዲህ ሆኖ መንገድ ላይ ለወደቀ ሰው ደረሰ። ከጦርነት ዝግጅት የሚገኝ መልካም ነገር ብዙ አይደለምና ይኼ ይቆጠርለት።

*

ይህ ሁሉ ሲባል ሳይንሱ ድል በድል ነው ማለት አይደለም። ትልቁ ተስፋ የነበረው ሴሉን ካዳንን በሽታውን እንከላከላለን የሚለው ነው። እስካሁን አልሠመረም። ሐኖቨር ላይ የቮልፍጋንግ ሎሸር ቡድን በ2006 ከረጅም መንዘፍዘፍ በኋላ ለአይጦች ቫልፕሮኤት ሰጥቶ የሂፖካምፐስ ሴሎቻቸውን አዳነ። አይጦቹ ግን የሚጥል በሽታ ያዛቸው። ከዚያ በፊትም በ1990 በናንሲ ቴምኪን የተመራ ጥናት ጭንቅላታቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሰዎች ፌኒቶይን አስቀድሞ ሲሰጥ በመጀመሪያው ሳምንት ያለውን መንዘፍዘፍ እንደሚቀንስ፣ የኋለኛውን ግን እንደማይከላከል አሳይቶ ነበር። ከሞቱት ሴሎች ይልቅ የተረፉት ሴሎች ናቸው ምናልባት ችግሩ፤ ያጡትን ጎረቤት ለመተካት አዳዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ አንዳንዴም መልሰው ከራሳቸው ጋር ይያያዛሉ። የተሳሳተ የመብራት መስመር ቅጥል እንደማለት ነው።

የሕፃናቱም ነገር ቀላል አይደለም። የአይጥ ግልገል ከአዋቂዋ ይልቅ ቶሎ ይንዘፈዘፋል፤ ሴሎቿ ግን ከአዋቂዋ ይልቅ ይተርፋሉ። ይህ ለወላጅ መጽናኛ ነው፤ ሙሉ መጽናኛ ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሽሎሞ ሺናር የተመራው ጥናት በትኩሳት ምክንያት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የተንዘፈዘፉ ሕፃናትን በኤምአርአይ ሲያይ ከአስሩ በአንዱ ገደማ ላይ የሂፖካምፐስ እብጠት ምልክት አገኘ። እነዚያ ከዓመት በኋላ ዳግም ሲታዩ፣ ከታዩት አብዛኞቹ ላይ ጠባሳ ነበር። ከአስሩ ዘጠኙ ምልክቱ አልታየባቸውም። ሁለቱንም መናገር ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ወይ ያስደነግጣል ወይ ያዘናጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚጥል በሽታን በቁጥር ካሳዩት ጥናቶች ቀዳሚው በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ተመርቶ በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው ነው፤ በ1990 ታተመ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤት ለቤት ተጠይቆ ከሺህ ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም። ምድጃ ላይ ወድቀው የተቃጠሉ ነበሩ። መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ በአፍንጫው እንዲሸተት ሲደረግ የሚያይ ሰው ዛሬም አለ፤ አረፋው ይጋባል ብሎ የሚሸሽም አለ። ክብሪቱ ማዕበሉን አያበርደውም። ሰውየው የሚነቃው ሁለት ደቂቃው ስለሞላ ነው፤ ለዚህ ነው ክብሪቱ ሠርቷል ተብሎ የሚታመነው። ሁለት ደቂቃው ሞልቶ ባይነቃስ? በዚያ ሰዓት ከተሰበሰበው ሰው ውስጥ ሰዓቱን የሚያይ አንድ ሰው መኖሩ ከክብሪቱ ይበልጣል። ከጤና ጣቢያው የሚያደርሰው መንገድ አንድ ሰዓት ሲሆን የሰዓቱ ትርጉም ምን እንደሚሆን ደግሞ የአይጦቹ ውጤት አስቀድሞ ተናግሮታል። በጉንጭ፣ በአፍንጫ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጡ ማብረጃዎች የተሠሩት ለዚህ ዓይነቱ ርቀት ነው።

በ2015 ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ አዲስ ትርጓሜ አወጣ። ሁለት ሰዓት አለው። የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ነው፦ ሕክምና የሚጀመርበት። ሁለተኛው 30 ደቂቃ ነው፦ ከዚያ ካለፈ ዘላቂ ጉዳት የሚሰጋበት። ይህ ገላው ሙሉ በሙሉ ለሚንዘፈዘፍበት ዓይነት ነው፤ ለሌሎቹ ዓይነቶች ሰዓቱ የተለየ ነው ወይም ገና በእርግጠኝነት አልተቀመጠም። የሁለተኛው ሰዓት ማስረጃ ከየት እንደመጣ ሰነዱ ራሱ አይደብቅም፤ ከእንስሳት ሙከራና ከሰው ሕክምና ተሞክሮ ነው ይላል። በማሽን ይተነፍሱ የነበሩት፣ የተኙ የሚመስሉት ወጣት ዝንጀሮዎች ከዚያ ቁጥር ውስጥ አሉ።